ሁለት መዝገብ፦ የሪያቼ ከንቲባ በመራጭና በሕግ ፊት

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው የአበው ብሂል ሹመትን ከማዕድ ጋር አዛምዶ የሚያይ ነው። ተሿሚው በወንበሩ ላይ ሳለ ምን ሠራ ከማለት ይልቅ ምን አተረፈ ብሎ መጠየቅ በብዙ አገር የተለመደ በመሆኑ፣ አንድ ከንቲባ ዘመኑን ጨርሶ «ዳግም ምረጡኝ» ሲል አድማጩ በጥርጣሬ ቢያየው አያስገርምም። ይሁንና የአንድ ከንቲባ የሥራ ዘመን የሚመዘነው በምንድን ነው? ነዋሪው በዓይኑ በሚያየው መብራት፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ዕድል ነውን? ወይስ መርማሪ በሚያገላብጠው ውልና ደረሰኝ? በደቡብ ጣሊያን የምትገኘው ትንሿ ሪያቼ ይህን ጥያቄ ከ20 ዓመት በላይ ስትጠይቅና ስትመልስ የኖረች ከተማ ናት። የከንቲባዋ የዶሜኒኮ ሉካኖ ታሪክ ደግሞ ለአፍሪካ ቀንድ ሰዎች የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። በዚያች ከተማ ጠባብ መንገዶች ላይ ቤት ተሰጥቷቸው ኑሮ ከጀመሩት ስደተኞች መካከል ሶማሌዎች፣ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁልፉ የተቆለፈ መንደር

ሪያቼ የምትገኘው በካላብሪያ ክልል፣ በአዮንያን ባሕር ጠረፍ ነው። ከተማዋ በሁለት የተከፈለች ናት። አንደኛዋ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረችው ጥንታዊት መንደር ስትሆን፣ ሁለተኛዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወረድ ብሎ በባሕሩ ዳር የምትገኘው አዲሲቱ ሰፈር ናት። የሪያቼ ስም በዓለም የተሰማው በነሐሴ 1972 ከባሕሯ ሥር ሁለት የነሐስ ሐውልቶች በተገኙ ጊዜ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት እንደተሠሩ የሚነገርላቸው እነዚህ የጥንት ግሪክ ተዋጊዎች ምስሎች ግን በሪያቼ አልቀሩም፤ ዛሬም የሚታዩት በሬጆ ካላብሪያ ቤተ መዘክር ነው። ዝናው በከተማዋ ስም ሲጠራ፣ ጎብኚው የሚሄደው ወደ ሌላ ከተማ ሆነ።

ከሐውልቶቹ ይልቅ ሪያቼን የለወጣት የሰው ፍልሰት ነው። ካላብሪያ ከጣሊያን እጅግ ድሃ ከሚባሉት ክልሎች አንዱ ነው። ወጣቱ ገሚሱ ወደ ቱሪንና ሚላን ፋብሪካዎች፣ ገሚሱ ወደ ጀርመን፣ ካናዳ፣ አርጀንቲናና አውስትራሊያ ነጎደ። የላይኛዋ መንደር ቤቶች አንድ በአንድ ተቆለፉ፤ ጣሪያዎች ፈረሱ፤ ልጆች ስላልነበሩም ትምህርት ቤቱ ባዶ ሆነ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቀሩት በአብዛኛው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ።

ሐምሌ 1 ቀን 1998 ወደ 200 የሚጠጉ ኩርዶችን የጫነች መርከብ በሪያቼ ባሕር ዳርቻ ደረሰች። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1997፣ ከ800 በላይ ሰዎችን ያሳፈረች ሌላ መርከብ ብዙም በማይርቀው በባዶላቶ ጠረፍ አራግፋ ነበር፤ የባዶላቶ ሰዎችም ባዶ ቤቶቻቸውን ለእንግዶቹ መክፈት ጀምረው ነበር። በዚያ ጊዜ በትምህርት ቤት ይሠሩ የነበሩት ዶሜኒኮ ሉካኖ፣ ወይም በአካባቢው አጠራር ሚሞ፣ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ሪያቼ አመጡት። በ1999 ከጓደኞቻቸው ጋር «የወደፊቷ ከተማ» የሚል ትርጉም ያለው ቺታ ፉቱራ የተባለ ማኅበር መሠረቱ። በውጭ አገር ለሚኖሩ የሪያቼ ተወላጆች ጥያቄ ቀረበላቸው፤ ብዙዎቹም የወላጆቻቸውን ቤት ለማኅበሩ ፈቀዱ። በብድር በተገኘ ገንዘብ ጣሪያው ተከደነ፤ ግድግዳው ተለሰነ።

እንግዳ መቀበል ለዚያች መንደር ፈጽሞ ባዕድ ነገር አልነበረም። የሪያቼ ጠባቂዎች ተብለው የሚከበሩት ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ናቸው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳርም ኅዳር 22 የሚታሰቡት እነዚህ ወንድማማች ሐኪሞች ከምሥራቅ የመጡ ባዕዳን ነበሩ። በየዓመቱ በመስከረም መጨረሻ በዓላቸው ሲከበር ከሌላ ቦታ የሚገለሉት የሮማ ጎሣ አባላት ወደ ሪያቼ ይጎርፋሉ፤ ከነዋሪው ጋርም ይጨፍራሉ።

በሕዝብ የሚመረጥ ከንቲባ

ሉካኖ የተወዳደሩበት ወንበር ራሱ ታሪክ ያለው ነው። በጣሊያን ፋሽስቱ መንግሥት ከ1926 ጀምሮ የተመረጡ ከንቲባዎችን አስወግዶ በምትካቸው ፖዴስታ የተባሉ፣ ከላይ የሚሾሙና ለላይ ብቻ የሚታዘዙ ሹሞችን ተከለ። ኢትዮጵያን በ1935 የወረረው አገዛዝ በቅድሚያ የራሱን ሕዝብ ከንቲባ የመምረጥ መብት ነጥቆ ነበር ማለት ነው። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ የአካባቢ ምርጫ ተመለሰ፤ ሆኖም ከንቲባውን የሚሰይመው የከተማው ምክር ቤት እንጂ መራጩ አልነበረም። ነዋሪው በቀጥታ ለከንቲባው ድምፅ መስጠት የጀመረው በ1993 በወጣ ሕግ ነው።

ይህ ለውጥ ቀላል አልነበረም። ከንቲባው በምክር ቤት ሲሰየም ሒሳቡን የሚያወራርደው ከፓርቲው ጋር ነው፤ በቀጥታ ሲመረጥ ግን የሠራውንና ያልሠራውን ይዞ በየቤቱ ደጃፍ መቆም አለበት። ሕጉ በአንድ በኩል ይህን ኃይል ሲሰጥ፣ በሌላ በኩል አንድ ሰው በተከታታይ ከሁለት ዘመን በላይ እንዳይቆይ ገደብ አበጀ። በ2014 ግን ከ3,000 በታች ነዋሪ ላላቸው ትንንሽ ከተሞች ሦስተኛ ዘመን ተፈቀደ። ሉካኖ በ2004፣ በ2009 እና በ2014 ሦስት ጊዜ ተከታትለው ሊመረጡ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስቱ ምርጫዎች

በ2004 ሉካኖ ለመራጩ ይዘው የቀረቡት በማኅበራቸው የተጀመረውን ሥራ ነበር። ሪያቼ የጣሊያን መንግሥት ለጥገኝነት ጠያቂዎች በየከተማው ማረፊያ የሚያዘጋጅበትን ሥርዓት ገና ከጅምሩ ከተቀላቀሉት ከተሞች አንዷ ነበረች። አዲሱ ከንቲባ የሰነቁት ሐሳብ ግን ከማረፊያ ያለፈ ነበር። ስደተኛው በካምፕ ታጥሮ ከሚጠበቅ፣ በባዶው ቤት ይኑር፤ የአገሬው ሽማግሌ የሚያውቀውን እጅ ሥራ ይማር፤ ልጁም በአካባቢው ትምህርት ቤት ይግባ የሚል ነበር። የሸክላ፣ የመስታወት፣ የሽመናና የጥልፍ ሥራ ቤቶች ተከፈቱ። በእያንዳንዱም አንድ የሪያቼ ተወላጅና አንድ ስደተኛ ጎን ለጎን እንዲሠሩ ተደረገ። የቆሻሻ መኪና በማይገባባቸው ቁልቁለታማ መንገዶች አህዮች ቆሻሻ እንዲሰበስቡ ሆነ። ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤትም በስደተኞቹ ልጆች ድምፅ ሕይወት ዘራ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለሉካኖ ድምፅ የሰጠው የሪያቼ ነዋሪ ሁሉ ለስደተኛ ልዩ ፍቅር ስለነበረው አልነበረም። በየሥራ ቤቱ የተቀጠረው፣ አስተርጓሚ፣ መምህርና ሒሳብ ሠራተኛ የሆነው የሪያቼ ወጣት፣ ያለዚያ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይሄድ ነበር። ባለ ሱቁ ገበያ አገኘ። እናቶች ልጆቻቸው በአጠገባቸው ሲውሉ አዩ። እንግዳ መቀበል በሪያቼ ምጽዋት ብቻ አልነበረም፤ መንደሪቱ ራሷን ከሞት የምታተርፍበት ዘዴም ነበር። ሉካኖ ሁለተኛ ዘመን ሲጠይቁ መራጩ ያየው ይህን ነው።

የ2009 ምርጫ ያለ ስጋት አልታለፈም። ካላብሪያ ንድራንጌታ የተባለው የወንበዴ ድርጅት ሥር የሰደደበት ክልል ነው። በዚያው የምርጫ ሰሞን ከንቲባው በነበሩበት ምግብ ቤት ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ውሾቻቸውም ተመርዘው ሞቱ። ያም ሆኖ ሉካኖ አሸነፉ። በዚያው ዓመት የካላብሪያ ክልል የሪያቼን አሠራር የሚደግፍ ሕግ አወጣ። በ2010 በዓለም አቀፍ የከንቲባዎች ውድድር ሦስተኛ ሆኑ፤ ጀርመናዊው የፊልም ባለሙያ ቪም ቬንደርስም ስለ አካባቢው አጭር ፊልም ሠራ። በ2016 ፎርቹን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከዓለም 50 ታላላቅ መሪዎች ዝርዝር 40ኛ አድርጎ ጠቀሳቸው።

ሦስተኛው ምርጫ የተደረገው በ2014 ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ ጥቅምት 3 ቀን 2013፣ በላምፔዱዛ ደሴት አቅራቢያ የሰጠመችው ጀልባ ከ360 በላይ ሰዎችን ይዛ ቀርታለች፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ያ ሐዘን በአሥመራ፣ በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢና በካርቱም በየቤቱ ገብቷል። በዚያ ወቅት ከሊቢያ የሚነሡት ጀልባዎች ቁጥር በመጨመሩ መንግሥት ራሱ ቦታ እንዲያዘጋጁለት ከተሞችን ይለምን ነበር፤ ሪያቼም እምቢ አላለችም። 1,800 ያህል ነዋሪ በነበራት ከተማ የስደተኞቹ ቁጥር እስከ 500 የደረሰበት ጊዜ ነበር።

35 ዩሮና የከተማዋ ገንዘብ

የሪያቼ ሥራ የቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ነበር። የጣሊያን መንግሥት በዚያን ጊዜ ለአንድ ጥገኝነት ጠያቂ በቀን 35 ዩሮ ገደማ ይመድብ ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው ለስደተኛው ሳይሆን መኖሪያውን፣ ምግቡን፣ ትምህርቱንና የሠራተኛውን ደመወዝ ለሚሸፍነው አካል ነው። ችግሩ ገንዘቡ በጊዜው አለመድረሱ ነው። ከሮም የሚላከው ክፍያ ወራት ሲዘገይ ባለ ሱቁ ዱቤ መስጠት ያቆማል፤ ስደተኛውም ይራባል።

ሉካኖ ለዚህ ያበጁት መላ ዝነኛ ሆኖ ቀርቷል። ማንዴላና ጋንዲን የመሳሰሉ ሰዎች ምስል የታተመባቸው፣ በሪያቼ ሱቆች ብቻ የሚሠሩ የወረቀት ኩፖኖች ታተሙ። ስደተኛው በኩፖኑ ይገዛል፤ ነጋዴው ያጠራቅማል፤ የመንግሥት ገንዘብ በመጣ ጊዜ በዩሮ ይለወጥለታል። በዚህም ገንዘቡ ከከተማዋ ሳይወጣ በነዋሪው እጅ ይዘዋወር ነበር።

ያው መላ ግን የአሠራሩን ድክመት ያሳያል። ከተማዋ የምትተዳደርበት ገንዘብ ምንጩ የራሷ አልነበረም። በሮም ያለው መንግሥት ሲለወጥ፣ ወይም አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ፊርማውን ሲያዘገይ፣ የሪያቼ ሸክላ ሠሪ ደመወዝ ያጣል። ደንቡ አንድ ስደተኛ በፕሮግራሙ የሚቆይበትን ጊዜ በወራት ሲወስን፣ ሉካኖ ግን ሥራና መጠጊያ የሌለውን ሰው «ጊዜህ አልቋል» ብለው ወደ ጎዳና ለማውጣት አልፈቀዱም። ለስደተኛው የተደረገው ምሕረት በመንግሥት ሒሳብ ላይ ያልተፈቀደ ወጪ ሆኖ ተመዘገበ።

የወረቀቱ መዝገብ

ከ2016 ጀምሮ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች በተደጋጋሚ ወደ ሪያቼ መጡ። ሪፖርቶቻቸው እርስ በርስ የሚጋጩ ነበሩ፤ አንዱ የሰነድና የሒሳብ ጉድለት ሲዘረዝር፣ ሌላው አሠራሩን የሚያበረታታ ነበር። ክፍያው ተቋረጠ። በ2018 የበጋ ወራት ሉካኖ የረሃብ አድማ አደረጉ። ጥቅምት 2 ቀን 2018 ደግሞ በፖሊስ ተይዘው በቁም እስር ዋሉ፤ ከሥልጣናቸውም ታገዱ። ሕገ ወጥ ስደትን በማገዝና በጥቅም ጋብቻ ወረቀት በማስገኘት፣ እንዲሁም በአህያ የሚከናወነውን የቆሻሻ ሥራ ያለ ጨረታ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት በመስጠት ተጠረጠሩ። ከዚያ በኋላም ለወራት በገዛ ከተማቸው እንዳይኖሩ ተከለከሉ።

መስከረም 30 ቀን 2021 የሎክሪ ፍርድ ቤት 13 ዓመት ከ2 ወር እስራት ፈረደባቸው። ዓቃቤ ሕግ የጠየቀው ከ8 ዓመት ያነሰ ነበር። ሕገ ወጥ ስደትን በማገዝ ከቀረበባቸው ክስ ነጻ ቢባሉም፣ በገንዘብ ምዝበራ፣ በማጭበርበርና በሐሰተኛ ሰነድ ጥፋተኛ ተባሉ። ፍርዱ ጣሊያንን ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፤ በጎ ዓላማ ደረሰኝን አይተካም» አለ። ሌላው «ካላብሪያን የሚዘርፈው ወንበዴ በነጻ ሲዘዋወር ድሃ ያስጠጋ ይታሰራልን?» ሲል ጠየቀ።

ጥቅምት 11 ቀን 2023 የሬጆ ካላብሪያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከክሶቹ አብዛኞቹን ሰርዞ ቅጣቱን ወደ 1 ዓመት ከ6 ወር አወረደው፤ እሱም በገደብ እንዲሆን ወሰነ። የቀረው ጥፋት የሰነድ ሐሰት ነበር። በየካቲት 2025 የመጨረሻው ሰበር ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና። ከዚያ አስቀድሞ በ2020 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መንግሥት ሪያቼን ከስደተኞች ፕሮግራም ያስወጣበት መንገድ ሕጋዊ አልነበረም ብሎ ፈርዶ ነበር። ሆኖም ውሳኔው ሲደርስ ሥራ ቤቶቹ ተዘግተው፣ ስደተኞቹም ተበትነው ነበር።

መራጩ ሲመልስ

የታሪኩ ከባድ ክፍል በ2019 የተደረገው ምርጫ ነው። ሉካኖ ሦስት ዘመን ስለጨረሱ ለከንቲባነት መወዳደር አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ ለምክር ቤት አባልነት ብቻ ቀረቡ። አልተመረጡም። ከንቲባነቱን የወሰደው ስደትን አጥብቆ የሚቃወመው የሊጋ ፓርቲ የደገፈው ወገን ነው። በዚያው ቀን በተካሄደው የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫም ሊጋ በሪያቼ አንደኛ ወጣ። ዓለም «የእንግዳ ተቀባዮች ከተማ» ይላት የነበረችው ሪያቼ እንዲህ መምረጧ ብዙዎችን አስደነገጠ።

ነገሩን በቅርብ ላየው ግን ምክንያቱ ስውር አልነበረም። የመንግሥት ገንዘብ ከተቋረጠ ወዲህ ሠራተኛው ደመወዝ አላገኘም። ነጋዴው ያጠራቀመው ኩፖን በእጁ ቀረ። በባሕር ዳር ሰፈር የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ ድሮም «ለላይኛዋ መንደር ሲባል እኛ ተረሳን» የሚል ቅሬታ ነበረው። «እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» እንደሚባለው፣ እንጀራ ይዞ የመጣው እንግዳ እንጀራው ሲቋረጥ ሸክም መሰለ። በዚህ ላይ የሉካኖ ትልቁ ሥራ ተጠቃሚ የነበሩት ስደተኞች ድምፅ አልነበራቸውም፤ በጣሊያን የአካባቢ ምርጫ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ የውጭ ዜጋ አይመርጥም። ከንቲባው ከሠሩት አብዛኛውን ያዩት ሰዎች በምርጫው ቀን ሊመሰክሩላቸው አልቻሉም።

ታሪኩ ግን በዚያ አልተቋጨም። ሊጋ የደገፈው አስተዳደር በቆየባቸው ዓመታት ባዶ ቤቶቹ በአዲስ ነዋሪ አልተሞሉም። በሰኔ 2024 ሉካኖ እንደገና ቀረቡ። ይዘው የመጡት አዲስ መፈክር አልነበረም፤ ቤቶቹን እንደገና መክፈት፣ ሥራ ቤቶቹን ማስጀመር፣ እንግዳን መቀበል ነበር። መራጩ ከንቲባ አድርጎ መለሳቸው። በዚያው ቀን የአረንጓዴዎችና የግራ ኅብረት እጩ ሆነው ለአውሮፓ ፓርላማም ተመረጡ። በ2025 ቅጣታቸው ሲጸና በክልሉ ያለው የመንግሥት እንደራሴ የተፈረደበት ሰው ወንበር ሊይዝ አይገባም በማለት እንዲነሡ ጠየቀ። የከተማው ምክር ቤት አልተቀበለውም፤ ነገሩ እንደገና ወደ ፍርድ ቤት አመራ። የሕዝብ ድምፅና የሕግ ወረቀት ዳግም ፊት ለፊት ቆሙ።

ለእኛ አካባቢ የሚተርፈው

የሪያቼን ታሪክ እንደ ቅዱስ ገድል ማንበብም ሆነ እንደ ወንጀል መዝገብ ብቻ ማየት ስሕተት ነው። ሉካኖ ሕዝብ የሚያየውን መዝገብ በሚገባ ሞሉ፤ መንግሥት የሚያየውን መዝገብ ግን ችላ አሉ። ጠላቶቻቸው የገቡት በዚያ ክፍተት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የግል ብልጽግና እንዳልፈለጉ ቢያምንም፣ ለስደተኛ ቤት የሚከፍት ከንቲባ ለሒሳብ ሠራተኛውም ቢሆን ብርቱ ሰው መምረጥ እንደነበረበት ከታሪኩ ይታያል። በጎ ሥራ በጽሑፍ ካልተያዘ፣ ነገ ሌላ ሰው በፈለገው መንገድ ይጽፈዋል።

የአፍሪካ ቀንድና የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ከጣሊያን መንደሮች በብዙ ዕጥፍ የሚበልጥ እንግዳ የሚያስተናግዱ ናቸው። ኢትዮጵያ በ2019 ባወጣችው የስደተኞች አዋጅ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብትን በሕግ አሰፈረች። ኬንያ በ2021 አዲስ የስደተኞች ሕግ አወጣች፤ ካኩማም በ2023 የማዘጋጃ ቤት ደረጃ አገኘች። እንዲህ ባሉ ከተሞች የሚሾም አስተዳዳሪ ሁሉ የሪያቼው ጥያቄ ይገጥመዋል። ነዋሪው ውሃ፣ መንገድና ሥራ ይጠይቀዋል፤ እንግዳው መጠለያ ይጠይቀዋል፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ሩቅ ያለ አካል ደግሞ ደረሰኝ ይጠይቀዋል። ሦስቱን ለማስታረቅ የሚችለው፣ ነባሩ ነዋሪ የእንግዳውን መምጣት ከራሱ ኑሮ መሻሻል ጋር አያይዞ እንዲያየው ያደረገ፣ ያንንም ከሩቅ በሚላክ ገንዘብ ላይ ብቻ ያላንጠለጠለ ሰው ነው።

ሪያቼ ለአሥር ዓመታት ያህል የመጀመሪያውን አሳይታለች። ሁለተኛውን ሳታደርግ በመቅረቷ የከፈለችው ዋጋ ደግሞ በ2019 በምርጫ ሣጥኗ ውስጥ ተቆጥሯል። የጥንት ሐውልቶቿን ለሌላ ከተማ የሰጠችው ይህች መንደር ለዓለም ያቀረበችው ትልቁ ቅርስ ምናልባት ይህ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም።